የአባቴ ገንፎ ቀማሾች

በዚያ ክረምት የእናቴ ጾም የሚጠበቀው በእኔ ምላስ ነበር።

አባቴ ታስሮ ነበር። ለእስረኛ ስንቅ የሚያመጣ ሰው በሩ ላይ፣ ዋርዲያው ፊት፣ ካመጣው ቀምሶ ነው የሚያስገባው፤ መርዝ እንዳይገባ ነው ይላሉ። በሌላው ጊዜ እናቴ ዙቤዳ ራሷ ትቀምስ ነበር። ረመዳን ሲገባ ግን ጾመኛ ሴት በጠዋት ምን ብላ ትቅመስ? ምላሷን አስነክታ መትፋቱም አላዋጣትም፤ ረዲ የሚባለው የበሩ ዋርዲያ ሲዋጥ ካላየ አያሳልፍም። ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር እኔን ይዛኝ መሄድ ጀመረች። የፊት ጥርሶቼ ወልቀዋል፣ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፣ ስሜ ሰብሪና ነው።

«ቅመሺ» ይለኛል ረዲ፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን በዱላው ጫፍ ገፋ አድርጎ።

እቀምሳለሁ።

«ዋጪ።»

እውጣለሁ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

እከፍታለሁ። ጎንበስ ብሎ ጉሮሮዬን ያያል፤ ቸኩሎ አያውቅም። ከዚያ «እለፊ» ይለኛል።

የትኛው ማረሚያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ከሮቤ በሚኒባስ ይኬዳል፣ ክረምት ሲሆን መንገዱ ጭቃ ነው፤ ይህ ይበቃል። ስሙን የማልጠራው ፈርቼ አይደለም። ብጠራው ነገሩ የአንድ በር ብቻ ይመስላችኋል ብዬ ነው።

ያን ዓመት መጾም ፈልጌ ነበር። የጎረቤታችን የሲምቦ ልጅ እስከ ቀትር፣ እስከ ዙሁር ሶላት፣ እየጾመች ለሰፈሩ ሁሉ ታወራ ነበር፤ እኔን ስታይ ደግሞ «አንቺ እኮ በላተኛ ነሽ» ትለኛለች። ይህ ነገር አንገበገበኝ። አንድ ቀን ወገቤን ይዤ ረዲ ፊት ቆምኩና «ጾመኛ ነኝ» አልኩት።

«ልጅ አይጾምም» አለኝ። «ቅመሺ።»

ሰልፉ ላይ ያሉት ሴቶች ሳቁ። እናቴም ሳቋን ለመደበቅ ሻርፗን ወደ አፏ ሳበች። ረዲ ራሱ ጾመኛ ነበር፤ ከንፈሩ ደርቆ ነጭ ይሆናል፣ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። የእሱ ጾም ጾም ሆኖ የእኔ ለምን ቀልድ እንደሚሆን አልገባኝም። ቀመስኩ፣ ዋጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ኡመር የአይሱዙ ሾፌር ነበር። ዲንሾ አጠገብ በጭጋግ ውስጥ ሰው ገጨ፤ ሰውየው ሞተ፤ አባቴም ተፈረደበት። በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ከዚያ በኋላ በሆነው ነው። አንድ ጠዋት በታሰረበት ቤት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ አለው፣ አፉም ተጣመመ። «ያስመስላል» ብለው አቆዩት። ጎባ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሞቹ ነፍሱን አተረፉለት፣ የዘገየውን ጊዜ ግን መመለስ አልቻሉም፤ ቀኝ ጎኑ እንደሞተ ቀረ። ከዚያ ወደ መጣበት መለሱት። ዳኛው የፈረዱበት እስራት ነው፤ ሽንቱ ላይ መተኛትን አልፈረዱበትም።

ለእኔ የተነገረኝ ሌላ ነው። «ብርድ ነው የመታው» አለችኝ እናቴ። አመንኳት። በእኛ አገር ብርድ የማያደርገው ነገር የለም። አባቴ ከሞቀው ይነሳል ብዬ ደመደምኩ።

የመጠየቂያው ግቢ ሁለት የሽቦ አጥር አለው፤ በመሀላቸው ዋርዲያ ይመላለሳል። እስረኛው ከወዲያ፣ ቤተሰቡ ከወዲህ ሆኖ ይጯጯሃሉ። አባቴን አንድ ረጅም ሰው አዝሎት ይመጣል። ምሰሶ አስደግፎ ያስቀምጠውና እንዳይወድቅ ጉልበቱን ከጎኑ ያስጠጋል። ሰውየው የለበሰው የአባቴን ጃኬት ነበር። ቡናማው የቆዳ ጃኬት፣ መንገድ ሲወጣ የሚለብሰው። ብርድ የመታው አባቴ በስስ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይንቀጠቀጣል፣ ጃኬቱ ሌላ ሰው ያሞቃል። ደሜ ፈላ።

ጃኬቱን የሰጠችው እናቴ ራሷ ናት። አባቴ ክንዱን እጅጌው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን ትልቅ ሆኜ ነው፤ ያን ጊዜ የነገረኝ የለም።

ከዚያ ደግሞ ገንፎው አለ። እናቴ ከሌሊቱ የሱሁር ምግብ በኋላ ሳትተኛ፣ ከአጋርፋ በምታስመጣው የገብስ ዱቄት፣ ጓል እንዳይኖረው እያሸች የምታገነፋው ገንፎ። ዋርዲያው ምሳ ዕቃውን ሲያቀብለው ያ ረጅም ሰው ማንኪያውን ሞልቶ መጀመሪያ ወደ ራሱ አፍ ያደርሰዋል። አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። በየማንኪያው ነው። ለራሱ፣ ከዚያ ለአባቴ፤ ለራሱ፣ ከዚያ ለአባቴ። አባቴ ሲያላምጥ በአውራ ጣቱ ጉንጩን ይጫነዋል፣ የአባቴ ዓይን እንባ ያቀራል። አባቴ በግራ እጁ የውሃውን ፕላስቲክ ሲይዝ ይቀማዋል። ዱቄት ነስንሶበት፣ በጥብጦ፣ ጭቃ አስመስሎ በማንኪያ ይሰጠዋል። ይህን ሁሉ በሽቦው ቀዳዳ አየሁ፤ ዓይኔ ደግሞ ጤነኛ ነበር።

እናቴ ይህን እያየች «ወንድሜ ገዛኸኝ፣ አላህ ይክፈልህ» ትላለች።

ፈርታው ነው አልኩ። አፍጥረን ስንጨርስ ሲምቦ ትመጣለች፤ ከእናቴ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ፤ እኔ ግድግዳውን ይዤ እተኛለሁ፣ ጆሮዬ ግን አይተኛም።

«ያ ኡመርን የሚያዝለው የጎባ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው የገባው?» አለች ሲምቦ አንድ ምሽት።

«ስርቆት ነው። የስንዴ መጋዘን ሰብሮ።»

«ታዲያ ሌባ ታምኛለሽ?»

«ማንን ልመን ሲምቦ? እሱ ባይኖር ኡመርን ቀብረነው ነበር።»

እኔ የያዝኩት ሌባ የሚለውን ነው። እስር ቤት ውስጥ ካቦ የሚባል የእስረኛ አለቃ እንዳለም ሰምቼ ነበር። ገጣጠምኩት። ገዛኸኝ ካቦ ነው፣ የሰው ስንቅ ይቀማል፣ እናቴ ካላመሰገነችው አባቴን ይገድለዋል። ነገሩ ሁሉ ልክ መጣልኝ።

ጳጉሜ ላይ ሲምቦ ስትመጣ እናቴ እያለቀሰች አገኘቻት።

«ለአዲስ ዓመት በይቅርታ ከሚወጡት ውስጥ አለበት አሉ» አለች እናቴ።

«ገዛኸኝ?»

«እሱ።»

«ለሰው መፈታት ይለቀሳል እንዴ ዙቤዳ? አልሐምዱሊላህ በይ።»

«ወላሂ ደስ ብሎኛል። የኔን ሰው ግን ማን ያነሳዋል? ማን ያጎርሰዋል? ማል ጎዻ ሲምቦ፣ ምን ላድርግ?»

ሌባ ሳይቀጣ ሊለቀቅ ስለሆነ ተናድዳ የምታለቅስ መሰለኝ። ጠጋ አልኩና «አይዞሽ እማ፣ እሱ ከሄደ አባባ ገንፎውን ብቻውን ይበላል» አልኳት። እናቴ አየችኝና ባሰባት።

ገዛኸኝ ሊወጣ ሲል በነበረው የመጨረሻ ጥየቃ አላስቻለኝም። ሰውየው ማንኪያውን ወደ አፉ ሲያነሳ ሽቦውን በሁለት እጄ ጨብጬ ጮህኩ።

«ሌባ! የአባቴን ገንፎ አትብላ! ጃኬቱንም አውልቅ!»

አባቴ ከጉሮሮው የሚንኮራኮር ድምፅ አወጣ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ አስለቀስኩት ብዬ ደነገጥኩ። ገዛኸኝ ወደ እኔ ዞረ።

«ማን ነገረሽ?» አለ። «ልክ ነው፣ ሌባ ነኝ።» ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየ የሚቀጥለውን ማንኪያ ወደ ከንፈሩ አደረሰ።

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ይቅርታ ጠይቂ አለችኝ፤ አልጠየቅኩም። አሁንም አልጠይቅም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት። በዚያ ግቢ ውስጥ አባቴ ተበደለ ብሎ የሚጮህ ሌላ ሰው አልነበረም።

አዲስ ዓመት ሆነ፤ ገዛኸኝ ወጣ። በማግስቱ ስንሄድ አባቴ ወደ አጥሩ አልመጣም። ቀምሼ ያስገባሁት ገንፎ እንዳለ ተመለሰ። «አልበላም ብሏል» አለ ረዲ። በሚቀጥለውም ቀን እንደዚሁ። ቤተሰቡን ሊያይ የወጣ አንድ እስረኛ ነው ከወዲያኛው አጥር ለእናቴ እውነቱን የነገራት።

«ውሃ ስንሰጠው ታነቀብን፣ እኅቴ። ሊሞት ነበር። በእጃችን ቢያልፍ ገደላችሁት ነው የምንባለው። ከዚያ ወዲህ የሚደፍር ጠፋ።»

እናቴ አጥሩን ለቅቃ በቀጥታ ወደ አዛዡ ቢሮ ሄደች። እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። አዛዡ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ባሌ በረሃብ ሊሞትብኝ ነው» አለች እናቴ።

«እዚህ ነርስ የለኝም፣ ወይዘሮ ዙቤዳ» አሉ። «አንድ የጤና ረዳት አለ፣ እሱም ሲመቸው ነው የሚመጣው። እስረኛ እዚህ ራሱን በራሱ ነው የሚያስተዳድረው።»

«በአንድ እጅ?»

«ሌሎቹን እስረኞች እለምናለሁ።»

«ሌሎቹ ፈርተዋል። እኔ ልግባና ላብላው።»

«አዋቂ ከሁለተኛው አጥር አያልፍም። ደንብ ነው።» ከዚያ እኔን አዩኝ። «ሕፃን ግን ይገባል። ለበዓል አባቶቻቸውን ሊስሙ እናስገባለን። እሷ በየቀኑ ብትገባ ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

ደግነት መስሏቸው ነበር። እኔም በደስታ ዘለልኩ። እናቴ ግን ፊቷ ተለወጠ።

«ልጄ የመንግሥትን ሥራ አትሠራም» አለች። «አንዴ ትገባለች። አንዴ ብቻ። ከሰዎችዎ አንዱ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይማራል። ከነገ ጀምሮ የሚያበላው እሱ ነው።»

«ዋርዲያ እስረኛ አያጎርስም።»

«እናንተ ካሰራችሁት እናንተ አጉርሱት።»

ይህን ብላ ወጣችና መኪና በሚገባበት በር መሀል ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ምሳ ዕቃውን በፎጣ ጠቅልላ፣ በሻርፗ ሸፍና ጭኗ ላይ አደረገች። ዝናብ ጀምሮ ነበር። ረዲ «ተነሺ» አላት። አልተነሳችም። «እኅቴ፣ ተይ፣ ለራስሽ ብዬ ነው» አላት። ማገዶ የጫነ መኪና መጥቶ ከኋላዋ ጥሩምባውን ነፋ፤ ዞራ እንኳ አላየችውም። ሰልፍ ላይ የነበሩት ሴቶች መጀመሪያ ተንሾካሾኩ። ከዚያ አንዷ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ሌላዋ ዣንጥላ ዘረጋችላቸው። ሁለቱም የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው፣ ያን ቀን ሊከለከሉ እንደሚችሉም ያውቁ ነበር።

ገዛኸኝን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከጎባ በሚኒባስ መጥቶ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆሟል፤ የአባቴን ጃኬት ለብሷል፣ ብርቱካን በፌስታል ይዟል።

«አንተ» አለው ረዲ፣ «ሰሞኑን ወጥተህ ዛሬውኑ ልትመለስ ነው?»

«ሰው ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

እናቴ አጠገብ ጎንበስ ብሎ የሆነውን ከእሷ ሰማ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና ጭቃው ላይ በርከክ አለ።

«ሌባው መጣ» አለኝ። «አሁን ስሰርቅ የነበረውን ሁሉ አስተምርሻለሁ፤ በደንብ ስሚኝ። የአባትሽ አፍ በቀኝ በኩል ሙቀት አያውቅም። አንዴ ሳላውቅ አቃጥዬው ላንቃው ተልጦ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ማንኪያ ከንፈርሽን አስነኪው። መዋጥ አያስፈልግም። ከንፈርሽ ከቻለው እሱም ይችለዋል። አጉርሺው ስልሽ ደግሞ በግራ በኩል ነው።»

«ጉንጩንስ ለምንድን ነው የምትቆነጥጠው?»

«አልቆነጥጠውም። ምግቡ ወደ ቀኝ ጉንጩ ሄዶ ይደበቃል፣ እሱ አይታወቀውም። እዚያ ከቀረ ሲተኛ ያንቀዋል። እንዲህ ነው የሚገፋው።» እጄን ይዞ አውራ ጣቴን የራሱ ጉንጭ ላይ አስቀመጠ። ጺሙ ወጋኝ። «ጠንከር አድርጊ እንጂ፣ አያመኝም። ውሃ ደግሞ ከቀጠነ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው። በሶ ነስንሺበት፣ እስኪወፍር በጥብጪው።»

«ይህን ሁሉ ማን አሳየህ?»

«እናትሽ ናታ። የጎባ ሐኪሞች ያሏትን በአጥሩ ላይ እየጮኸች አስተማረችኝ። አንቺስ ጩኸቱን ከማን ያመጣሽው ይመስልሻል?»

ማንም አልመደበውም ነበር። ከአባቴ ጎን ስለሚተኛ ብቻ አንድ ጠዋት አነሳው፣ አጠበው፤ ከዚያ ወዲያ የሚረከበው ጠፋ። ይህን ስሰማ አፈርኩ አልልም። ተናደድኩ። ንዴቴ ግን ቦታ ቀየረ፤ ከገዛኸኝ ተነስቶ በሩ ላይ ዱላ ይዞ ወደ ቆመው ሰው ሄደ።

ባለመኪናው ጥሩምባውን አልለቅ ሲል አዛዡ ወጡ። ተቆጡ፣ ለመኑ፣ መኪናውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ። በመጨረሻ «ረዲ» አሉ፣ «ከልጅቷ ጋር ግባ። እንዴት እንደምታደርግ እይ።»

«እኔ?»

«አንተ።»

እናቴ ተነሳች። ምሳ ዕቃውን ሰጠችኝና ጭቃዋን ሳታራግፍ አጥሩ ጋ ሄዳ ቆመች።

አሁን ሮቤ ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ይህን ሳወራ «እንዴት ደስ የሚል ታሪክ ነው» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። ደስ አይልም። ጥርሷ ያልበቀለ ልጅ የሽባ አባቷን ጉንጭ ስትገፋ ደስ የሚል ነገር የለውም፤ ሌባ ነርስ ሲሆንም የለውም። ሁለታችንም የሠራነው ደመወዝ የሚከፈለው ሰው መሥራት የነበረበትን ነው። አባቴ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቶ፣ ቤታችን ውስጥ፣ መስኮቱ ስር ባለው አልጋ ላይ ነው ያረፈው፤ ገዛኸኝ ቀብሩ ላይ ከፊት ነበር። እስር ቤት ግን አልሞተም። እናቴ እዚያ እንዲሞት አልፈቀደችም።

ያን ቀን በሩ ላይ ረዲ በልማዱ «ቅመሺ» አለኝ። ቀመስኩ፣ ዋጥኩ፣ አፌን ከፈትኩ። «እለፊ» አለኝና ተከተለኝ።

አባቴ ጥግ ላይ ፍራሽ ላይ ተኝቷል። ይሸት ነበር። አባቴ ናፍጣና ሳሙና ይሸት ነበር እንጂ እንደዚያ ሸቶኝ አያውቅም። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሲያየኝ ግራ ዓይኑ ሳቀ፣ ቀኙ ዝም አለ። አንድ እስረኛ ደግፎ አስቀመጠልኝ። ማንኪያውን ሞላሁ፣ ከንፈሬን አስነካሁ፣ በግራ በኩል አጎረስኩት። አውራ ጣቴን ጉንጩ ላይ አድርጌ ገፋሁ። ዋጠ። ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይህን ቆመው አዩ።

ማንኪያውን ለረዲ ሰጠሁት። ዱላውን ግድግዳ አስደግፎ ተንበረከከ፤ ሞላና ቀጥታ ወደ አባቴ አፍ ወሰደው። እጅጌውን ያዝኩት።

«ቅመስ» አልኩት።

ዞሮ አየኝ። «ጾመኛ ነኝ» አለ።

«ዋርዲያ አይጾምም» አልኩት። «ቅመስ።»

አንዱ እስረኛ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ረዲ ማንኪያውን አየና የደረቀ ከንፈሩን አስነካው። መዋጥ እንደማያስፈልግ ገዛኸኝ ነግሮኛል፤ ጾሙን ተውኩለት።

«አፍህን ክፈት» አልኩት።

ከፈተ። ጎንበስ ብዬ ጉሮሮውን አየሁ፤ አልቸኮልኩም። ከጎኔ አባቴ ያን የሚንኮራኮር ድምፁን አወጣ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ነበር። አጥሩ ላይ ስጮህም ሳቁ ነበር።

«እለፍ» አልኩት።

ረዲ አባቴን አጎረሰው።